ዋናውን አስፓልት በደኅና መሻገር፦ ለሐዋሳ እግረኞች ምን እንምከር?

የአቱቴ ነዋሪ፦

ለመድረኩ አባላት በሙሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እናቴ ከገጠር መጥተው ከእኔ ጋር መኖር ጀምረዋል። ታናሽ እህቴ ደግሞ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራ ስላገኘች ገና ጎሕ ሳይቀድ ትወጣለች፤ ፈረቃዋ ሲቀየር የምትመለሰው ከመሸ በኋላ ነው። ሁለቱም ዋናውን አስፓልት ሳያቋርጡ የትም መድረስ አይችሉም፤ እናቴ ቅዱስ ገብርኤል ለማስቀደስ፣ እህቴ ደግሞ ሰርቪስ ወደሚጠብቃት ቦታ ለመድረስ።

«በዜብራ ተሻገሩ» ብዬ መክሬያቸው ነበር፤ ነገር ግን አብሬያቸው ቆሜ ስመለከት ምክሩ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ተረዳሁ። አንድ ሚኒባስ በትሕትና ቆሞ ሲያሳልፋቸው፣ ከጎኑ ያለው ባጃጅ ለምን እንደቆመ እንኳ ሳይጠይቅ አልፎት ይሄዳል። የመንገዱ አሠራርና የአሽከርካሪዎች ሥነ ምግባር ትልቅ ጉዳይ መሆኑን አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ ነገ ጠዋት እግረኛው ራሱ ሊያደርገው የሚችለውን ነገር የምታውቁ ብትነግሩኝ ታላቅ ውለታ ነው።

ጡረታ የወጣ ሾፌር፦

ጥያቄህ ደስ ብሎኛል ልጄ፤ ከመሪው ጀርባ የሚታየውን ለእግረኛ የሚነግረው ሰው ጥቂት ነውና። ከሻሸመኔ ገብቶ ከተማችንን አቋርጦ ወደ ዲላና ሞያሌ በሚወርደው መንገድ ላይ ከባድ መኪና ስነዳ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። እግረኛው ብዙውን ጊዜ «እኔ መኪናውን ካየሁት ሾፌሩም አይቶኛል» ብሎ ያስባል፤ አብዛኛው አደጋ የሚመጣው ከዚህ እምነት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ፍሬን ልንገርህ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ሾፌሩ ሰው ማየቱን አእምሮው ተቀብሎ እግሩ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ ንቁ ለሆነ ሰው እንኳ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ በደረቅ አስፓልት ላይ ለመቆም ሌላ 20 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። በድምሩ 37 ሜትር መሆኑ ነው። ያው መኪና በ30 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ኖሮ 13 ሜትር ገደማ ይበቃው ነበር። ይህ ሁሉ ፍሬኑ ጤናማ፣ ጎማው ያላለቀ፣ አስፓልቱም ያልረጠበ ሲሆን ነው። ጭነት የያዘ መኪና፣ በተለይም ተሳቢ ያለው፣ ከዚህ የበለጠ ርቀት ይፈልጋል። ስለዚህ «ገና ሩቅ ነው» የሚባለውን ርቀት በዓይን ብቻ መገመት ያሳስታል፤ ፊት ለፊት የሚመጣን ነገር ፍጥነት ዓይናችን በሚገባ አይለካምና።

ሁለተኛው ነገር፣ የከባድ መኪና ሾፌር የማያያቸው ቦታዎች መኖራቸው ነው። ጋቢናው ከፍ ያለ ስለሆነ ከአፍንጫው ሥር ተጠግቶ የሚያልፍ አጭር ሰው ወይም ሕፃን ለሾፌሩ ከናካቴው አይታየውም። እኛ አገር መሪው በግራ በኩል ስለሆነ በቀኝ ጎኑ ተጠግቶ የቆመ ሰውም እንደዚሁ ይሰወርበታል። ረጅም መኪና ሲታጠፍ ደግሞ የኋላው ጎማ የፊተኛውን መስመር አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ቆርጦ ይገባል፤ በኩርባው ጠርዝ ላይ የቆመ እግረኛ የፊቱ ጎማ ካለፈው በኋላ ተርፌያለሁ ብሎ እንዳለ በኋላው ሊያዝ ይችላል። እናትህንም እህትህንም በአደባባይና በመታጠፊያ ጠርዝ ላይ እንዳይቆሙ፣ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ እንዲሉ ንገራቸው።

አንተ ያየኸው፣ አንዱ ቆሞ ሌላው የሚያልፈው ነገር፣ ከሁሉ የከፋው ነው። የቆመው ሚኒባስ እግረኛውን ይሸፍነዋል፤ ከጎኑ የሚመጣው ሾፌር የቆመ መኪና እንጂ ሰው አይታየውም። ስለዚህ በቆመው መኪና ፊት ካለፉ በኋላ መኪናው የሚያልቅበት ጠርዝ ላይ ሲደርሱ እንደገና ይቁሙ፤ አንገታቸውን አውጥተው የሚቀጥለውን መስመር ይመልከቱ፤ ባዶ መሆኑን ካረጋገጡ ብቻ ይቀጥሉ። መኻሉ ላይ አካፋይ ያለው መንገድ ከሆነ ደግሞ እንደ አንድ መንገድ አይቁጠሩት። አካፋዩ ላይ ቆመው ትንፋሽ ይሰብስቡና ሁለተኛውን መንገድ እንደ አዲስ ይጀምሩ።

የመብራትን ነገርም አልዘልም። ሾፌር መብራቱን ብልጭ ሲያደርግ «እለፍ» ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ «እየመጣሁ ነው፣ ቁም» ማለቱም ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ፍች በየቀኑ የሚጠቀሙበት ሾፌሮች አሉ። መብራቱን ትታችሁ የፊት ጎማውን ተመልከቱ፤ ጎማው መሽከርከሩን ካላቆመ መኪናው አልቆመም።

መምህርት፣ ከታቦር፦

ጋሼ የጻፉትን ለተማሪዎቻችን ወላጆች ላነብላቸው አስቤያለሁ። እኔ ስለ ሕፃናት ልጨምር። የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጅ መንገድ ላይ ስሕተት ሲሠራ «ባለጌ ስለሆነ ነው» ብለን ብንቆጣው አንጠቅመውም፤ የመኪናን ፍጥነትና ርቀት አንድ ላይ አገናዝቦ የመወሰን ችሎታው ገና አልበሰለም። ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ለመለየትም ይቸገራል። ኳሱ ወይም ጓደኛው ከመንገዱ ማዶ ካለ ሐሳቡ በሙሉ እዚያ ነው። ስለዚህ ትንንሽ ልጆችን ማስተማር ተገቢ ቢሆንም ብቻቸውን ትልቅ መንገድ እንዲሻገሩ መተው ግን ተገቢ አይደለም።

ትምህርቱም በክፍል ውስጥ በሥዕል ብቻ ሲሰጥ ብዙም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ወላጅ ልጁን በሚሄድበት መንገድ ላይ ይዞት ወጥቶ፣ ከመሻገሩ በፊት «አሁን እንሂድ ወይስ እንቁም? ለምን?» እያለ እንዲመልስ ሲያደርገው ነው። እጅ ስንይዝም ጣቱን ብቻ ሳይሆን የእጁን አንጓ እንያዝ፤ ልጅ ድንገት ሲስፈነጠር ጣት ያመልጣል። አዋቂው ሁልጊዜ መኪና በሚመጣበት በኩል ይሁን።

ትምህርት ቤት ሲለቀቅ በር ላይ ተደርድረው የሚጠብቁት ባጃጆች ሌላ ችግር ናቸው። ልጆቹ በሁለት ባጃጅ መካከል ሾልከው ብቅ ሲሉ የሚመጣው መኪና አስቀድሞ ሊያያቸው የሚችልበት መንገድ የለም። ወላጆች ልጆቻቸውን ከመንገዱ ማዶ ቆመው አይጥሯቸው፤ ራሳቸው ይሻገሩና በሩ ላይ ይቀበሏቸው። ይህ አንድ ልማድ ብቻ ቢለወጥ በበሩ ላይ ያለው ግርግር ግማሹ ይቀላል ብዬ አምናለሁ።

የፒያሳ እግረኛ፦

የተሰጡት ምክሮች መልካም ናቸው፤ ነገር ግን ውይይቱ ሙሉ ሸክሙን በእግረኛው ትከሻ ላይ እንዳያደርገው እሰጋለሁ። የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ በማቋረጫ ላይ ቅድሚያውን የሰጠው ለእግረኛ ነው። ያው ደንብ እግረኛው በእግረኛ መንገድ እንዲሄድ ያዝዛል፤ እስቲ የትኛው የእግረኛ መንገድ? አንዱ ዘንድ አሸዋና ጠጠር ተቆልሏል፤ ሌላው ዘንድ የካፌ ወንበርና ጃንጥላ ተዘርግቷል፤ ቀጥሎ ያለው ላይ መኪና ቆሟል፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ የቱቦው ክዳን ተነሥቶ ጉድጓዱ አፉን ከፍቷል። ነፍሰ ጡር ሴትና ዓይነ ስውር ሰው ሳይቀሩ አስፓልት ላይ እንዲወርዱ እየተገደዱ «ለምን አስፓልት ላይ ሄዱ» ተብለው ይወቀሳሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ዙሪያ በአንድ ዓመት ውስጥ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ ላይ አደጋ ይሞታሉ፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ቀዳሚው የሞት ምክንያትም ይኸው ነው። ድርጅቱ ደጋግሞ የሚያስገነዝበው ነገር ቢኖር የፍጥነትን ጉዳይ ነው፤ አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ለሞት የሚያደርስ አደጋ በ4 በመቶ ይጨምራል። እግረኛን የገጨ መኪና ፍጥነቱ ከ50 ወደ 65 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከፍ ያለ እንደሆነ የእግረኛው የመሞት ዕድል ከአራት እጥፍ በላይ ያድጋል። እንዲህ ከሆነ ፍጥነት መቀነሻ መሥራት፣ የደበዘዘውን ዜብራ ቀለም መቀባት፣ የእግረኛውን መንገድ ማስለቀቅ ከምክር ይቀድማል። በየቀበሌው የምንኖር ሰዎች ተሰብስበን በጽሑፍ ብንጠይቅ ይሻላል።

ጡረታ የወጣ ሾፌር፦

ወንድሜ፣ ያልከው ሁሉ እውነት ነው፤ አቤቱታ ከጻፋችሁ እኔም እፈርማለሁ። ሆኖም ቀለሙ እስኪቀባ ድረስ የዚህ ልጅ እናት መሻገራቸው አይቀርም። ቅድሚያ የእግረኛው መሆኑን ሕግ ቢደነግግም የሚገጨው አካል ግን የእግረኛው ነው፤ መብትን ማወቅና መብትን ተማምኖ ሳያዩ መግባት ለየቅል ናቸው።

ነርስ፣ ድንገተኛ ክፍል፦

ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፤ እኔ ወደምንቀበላቸው ሰዎች ልመልሳችሁ። በእግረኛ ላይ በብዛት የምናየው ጉዳት የጭንቅላት፣ የዳሌና የታፋ ነው። ብዙዎቹ አደጋዎች የሚደርሱት ፀሐይ ስትጠልቅና ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ነው፤ ሰው ከሥራ ይወጣል፣ ገበያ ይበተናል፣ ብርሃኑ ግን እየሸሸ ነው። የእህትዎ መንገድ የበለጠ የሚያሳስበኝ በዚህ ምክንያት ነው።

አደጋ ሲደርስ ምን መደረግ እንዳለበትም ይታወቅ። ሰዎች ከቅንነት የተነሣ የተጎዳውን ሰው ብድግ አድርገው፣ እጅና እግሩን ይዘው ባጃጅ ላይ ያጥፉታል፤ አንገቱ ወይም አከርካሪው ተጎድቶ ከሆነ ሳይሽመደመድ ሊቀር የነበረውን ሰው ያሽመደምዱታል። ሌላ መኪና የሚገጨው ወይም እሳት የሚያሰጋው ካልሆነ በቀር ባለበት ይተኛ፤ አንድ ሰው ጭንቅላቱንና አንገቱን እንዳይነቃነቅ በሁለት እጁ ይያዝለት፤ የሚደማውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ ተጭናችሁ ያዙ፤ ውኃ አታጠጡት። ሌሎቹ ደግሞ ከኋላ የሚመጡትን መኪኖች ያስቁሙ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ ፖሊስ በ991 ይጠራል። የገጨው መኪና ታርጋ ይያዝ። ሾፌሩ ካመለጠም ተስፋ አትቁረጡ፤ በተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 የገጨው ተሽከርካሪ ያልታወቀ ተጎጂ የሚረዳበት ፈንድ አለ፤ ስለዚህ ጉዳዩ በፖሊስ መመዝገቡ ይጠቅማል።

«ምንም አልሆንኩም» ብሎ ተነሥቶ የሚሄደውንም አትልቀቁት። የጭንቅላት ውስጥ ደም መፍሰስ ከሰዓታት በኋላ ሊገለጥ ይችላል፤ ራስ ምታቱ ከበረታ፣ ካስመለሰው ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው።

የአቱቴ ነዋሪ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጋሼን ምክር ይዤ እናቴን አስፓልቱ ዳር አቁሜያቸው የፊት ጎማውን እንዲያዩ አሳየኋቸው፤ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። አንድ ያስተዋልኩትን ግን ልጠይቅ። እናቴ ነጠላቸውን ተከናንበው ነው የሚሄዱት፤ ነጭ ስለሆነ በጨለማ ከሩቅ ይታያሉ ብዬ ተጽናንቼ ነበር። ነገር ግን ነጠላው ከሁለቱም ጎን ስለሚከልላቸው ከአጠገባቸው የደረሰውን ባጃጅ እንኳ ሳያዩ ሊገቡ ሲሉ ያዝኳቸው። እህቴ ደግሞ ጥቁር ጃኬትና ጥቁር ሱሪ ለብሳ ነው ሌሊት የምትወጣው። ምን ትላላችሁ?

ጡረታ የወጣ ሾፌር፦

በሚገባ አስተውለሃል። ነጠላው ይቆይላቸው፤ ነጭነቱ ጥበቃ ነው። አስፓልቱ ዳር ሲደርሱ ብቻ ከጆሯቸውና ከጉንጫቸው ላይ ወደ ኋላ ገለጥ ያድርጉት፤ ከዚያ በዓይናቸው ብቻ ሳይሆን አገጫቸው ትከሻቸውን እስኪነካ ድረስ ዞረው ይመልከቱ። መጀመሪያ ወደ ግራ፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝ፣ ደግሞ ወደ ግራ፤ በቀኝ በኩል በሚነዳበት አገር መጀመሪያ የሚደርስባቸው መኪና በግራቸው የሚመጣው ነውና። በክረምት ዝናብ ሲጥል ዣንጥላውም እንዲሁ ነው፤ ፊት ላይ ዝቅ አድርገው ከያዙት ግማሹን መንገድ ይጋርዳል።

የእኅትህ ልብስ ግን ይለወጥ። የመኪና አጭር መብራት በጥሩ ሁኔታ 50 ሜትር ያህል ወደ ፊት ያበራል፤ ጥቁር የለበሰ ሰው ግን መብራቱ በሚደርስበት ሁሉ አይለይም፤ ሾፌሩ ሰው መሆኑን የሚያውቀው እጅግ ከቀረበ በኋላ ነው። ቅድም የጻፍኩትን 37 ሜትር አስታውስና አመዛዝነው። ከፊት ለፊት ረጅም መብራት የሚያበራ ሌላ መኪና ካለማ ሾፌሩ ለጥቂት ጊዜ ታውሯል ማለት ይቻላል፤ ሰው በሁለት መኪና መብራቶች መካከል ቆሞ እንኳ ሊሰወር ይችላል። የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሱት ዓይነት የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ቢገኝ እሰየው። ካልተገኘ የሚያንጸባርቅ ጥብጣብ በቦርሳዋና በጫማዋ ተረከዝ ላይ ይሰፋላት፤ የሚንቀሳቀስ እግር ላይ ያለ ብልጭታ ከቆመ ነገር ይልቅ ዓይን ይስባል። የእጅ ስልኳን መብራት ወደ መሬት አድርጋ ማብራትም ይረዳታል። ወደ ሾፌሩ ዓይን ግን አታብራ።

ባጃጅ አሽከርካሪ፦

ስማችን በተደጋጋሚ ስለተነሣ እኔም ልናገር። ቆሞ የሚያሳልፍን መኪና የሚቀድሙ የሥራ ባልደረቦቼ መኖራቸውን አልክድም፤ በተራችን ላይ ስንሰበሰብ የምንገሥጻቸው ሰዎች አለን። ከተሳፋሪም የምንለምነው ነገር አለ። «ወራጅ አለ» ብሎ መኻል መንገድ ላይ ድንገት ማስቆም ይቅር፤ ጠርዝ እስክንይዝ ጥቂት ይታገሡን። ሲወርዱም በቀኝ በኩል ብቻ ይውረዱ። በግራ የሚወርድ ተሳፋሪ እግሩን የሚያሳርፈው ከኋላ በሚመጣው መኪና መስመር ላይ ነው። ከወረዱ በኋላም በባጃጁ ፊት ፈጥነው ለመሻገር አይሞክሩ።

ብስክሌትም አይረሳ። ሐዋሳ ሜዳ ስለሆነች ብስክሌተኛው ብዙ ነው፤ ድምፅ የለውም፤ በተቃራኒ አቅጣጫም የሚመጣ አይጠፋም። ሁለቱንም ወገን ማየት የሚያስፈልገው ባለ አንድ አቅጣጫ መንገድ ላይም ጭምር ነው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦

ስለ ድምፅ ከተነሣ አንድ አዲስ ነገር ልጠቁም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በመንገዳችን ላይ እየበዙ መጥተዋል። በዝቅተኛ ፍጥነት ሲሄዱ ሞተራቸው አይሰማም ማለት ይቻላል። እኛ ደግሞ መኪናን ከዓይናችን ይልቅ በጆሯችን መጠበቅ ለምደናል፤ ጀርባችንን ሰጥተን የምንሄደው «ከመጣ እሰማዋለሁ» ብለን ነው። በዚህ ላይ የጆሮ ማዳመጫ የሚያደርጉ ጓደኞቼ ብዙ ናቸው። ቢያንስ አስፓልት ስንሻገር ከሁለቱም ጆሮ እናውጣው፤ መልእክት ማንበብም ማዶ ከደረስን በኋላ ይደርሳል።

ጥያቄም አለኝ። «ግራህን ይዘህ ሂድ» የሚባለው የእግረኛ መንገድ በሌለበት ሁሉ ነው ወይስ በከተማ ብቻ?

ጡረታ የወጣ ሾፌር፦

የእግረኛ መንገድ በሌለበት ሁሉ ነው ልጄ፣ ከከተማ ውጭ ደግሞ ይበልጥ። አገራችን በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ አነዳድ ከተዛወረች ወዲህ በቅርብህ ያለው መኪና ፊት ለፊትህ እንዲመጣ የሚያደርገው ግራህን ይዘህ ስትሄድ ነው። የሚመጣውን ካየኸው ወደ ዳር ለመውረድ ጊዜ ታገኛለህ፤ አሁን አንተ ያነሣኸው ድምፅ አልባ መኪናም በዚህ መንገድ አያስደነግጥህም። ብዙ ሰዎች ሆናችሁ ስትሄዱ ጎን ለጎን አትሰለፉ፤ በተለይ ለበዓል ወደ ጉዱማሌ አደባባይ ወይም ለታኅሣሥና ለሐምሌ ገብርኤል ሕዝብ ሲተምም አስፓልቱ የራሱ የእግረኛው ይመስላል፤ ፖሊስ መንገዱን ካልዘጋው ግን መኪና ይገባበታል።

የፒያሳ እግረኛ፦

የአቤቱታውን ረቂቅ እያዘጋጀሁ ነው። የደበዘዙ ዜብራዎችን፣ ክዳን የሌላቸውን ቱቦዎችና መብራት የማይበራባቸውን ቦታዎች እያንዳንዳችሁ ሰፈራችሁን ጠቅሳችሁ ጻፉልኝ። «መንገዱ አስቸጋሪ ነው» ከሚል አንድ ገጽ ይልቅ ቦታውን ለይቶ የሚያሳይ ዝርዝር ይሠራል። መምህርት የትምህርት ቤቱን በር ጉዳይ ቢጽፉልን እወዳለሁ።

መምህርት፣ ከታቦር፦

በደስታ እጽፋለሁ። ትምህርት ቤቱ የሚለቀቅበትን ሰዓትም አክልበታለሁ፤ ትራፊክ ፖሊስ ለዚያ ግማሽ ሰዓት እንኳ ቢመደብልን ብዙ ነው።

የአቱቴ ነዋሪ፦

እኔም ሰርቪሱ የሚቆምበትን ቦታ እጽፋለሁ፤ መብራት የለበትም። እህቴ በአካባቢያችን ካሉ የሥራ ባልደረቦቿ ጋር ተገናኝተው አብረው እንዲሻገሩ ተስማምተዋል፤ ጥብጣቡንም ገዝቼ ሰጥቻታለሁ። የቀረኝ አንድ ነገር ነው፦ ሰርቪሱ የሚያወርዳቸው ከቤታችን በተቃራኒው ወገን ስለሆነ ማታ ሲመለሱ በሰርቪሱ ፊት ይሻገሩ ወይስ በኋላው?

ጡረታ የወጣ ሾፌር፦

በፊቱም በኋላውም አይሻገሩ። በፊቱ ቢያልፉ የሚቀድመው መኪና አያያቸውም፤ በኋላው ቢያልፉ ከወዲያ የሚመጣው አያያቸውም፤ የሰርቪሱ ሾፌር ወደ ኋላ ቢመለስም አደጋ ነው። ወርደው ከጠርዙ ራቅ ብለው ይቁሙ፤ ሰርቪሱ ሄዶ መንገዱ በግራም በቀኝም ወለል ብሎ እስኪታያቸው ይጠብቁና ያን ጊዜ ይሻገሩ። ሾፌሩንም ጥቂት አለፍ ብሎ መብራት ካለበት ቦታ እንዲያወርዳቸው ይጠይቁት፤ መብራት ያለው ምሰሶ ከወረዱበት ሩቅ ካልሆነ እምቢ የሚል ሾፌር አይኖርም።